ፊልሙን እናንተም እዩት፦ በድሬዳዋ ሰው ለምትቀጥሩ ሁሉ

ይድረስ፦ በድሬዳዋ ከተማ በመንግሥት መሥሪያ ቤትም ሆነ በግል ድርጅት ሠራተኛ ለምትቀጥሩ
ጉዳዩ፦ ለእኛ ያሳያችሁንን ፊልም እናንተም እንድታዩት ስለመጠየቅ

እንዴት ናችሁ? ሙቀቱንስ እንዴት ይዛችሁታል?

በቅድሚያ ስለ አጠራሬ አንድ ነገር ልበል። እኛ ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይሆንልንም። ሽማግሌውንም «አንተ» እያልን ነው ያደግነው። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ መጀመሪያ ይደነግጣል፣ በሳምንቱ ይለምደዋል። እናንተ ግን ብዙ ስለሆናችሁ «እናንተ» ብል ማንም አይቀየመኝም።

ነገሬ ስለ አንድ ፊልም ነው። «ዘ ፐርሱት ኦፍ ሃፒነስ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ፣ ዊል ስሚዝ ከገዛ ልጁ ከጄደን ጋር የሠራው። ሙሉውን ያላየ ሰው እንኳ ቁርጥራጩን ቲክቶክ ላይ፣ ከሚያስለቅስ ሙዚቃ ጋር አይቶታል።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት ሥራ ቦታ ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄ ዓመት ሊሞላኝ ሲል አንድ ድርጅት ጠራኝ። ስሙ ይቅር። የመጀመሪያው ቀን 11 ሆነን አዳራሽ ገባን። ካሉት ሁለት ፋኖች አንዱ ብቻ ይሠራል። የሰው ኃይል ኃላፊው «ዛሬ ሥራ የለም፣ ፊልም ነው» አሉን። ደስ አለን። ፊልሙን እስከ መጨረሻው አየነው። ያለቀሰም ነበር፤ እኔ አንዷ ነኝ። መብራቱ ሲበራ ኃላፊው ፊት ለፊታችን ቆሙና «አያችሁ? እሱ ስድስት ወር በነፃ ሠርቷል። እናንተ ሦስት ወር ብቻ ነው» አሉ።

አጨበጨብን! እስካሁን የሚገርመኝ ይሄ ነው። ሦስት ወር ያለ ደመወዝ እንደምንሠራ ተነግሮን አጨበጨብን።

ሦስቱ ወር አለቀ። ከ11 ሁለት ብቻ ተቀጠሩ። ሌሎቻችንን «እንደውልላችኋለን» አሉን። እኔ ስልኬን ለብዙ ሳምንት ከትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ። ከዚያ ለመድኩት።

ፊልሙን ለረሳችሁት ባጭሩ ላስታውሳችሁ። ክሪስ ጋርድነር የሚባል፣ በእውነት ያለ ሰው ታሪክ ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1981፣ ከተማው ሳን ፍራንሲስኮ። ሰውዬው ያለ የሌለ ገንዘቡን አጥንት የሚመረምር መሣሪያ ላይ አውሎታል። እሱን ተሸክሞ ከሐኪም ሐኪም ይዞራል፣ የሚገዛው ያጣል። የቤት ኪራይ ተጠራቅሞበታል። ሚስቱ ትታው ትሄዳለች። አንድ ቀን ቀይ ፌራሪ የሚያቆም ሰው ያይና «ሥራህ ምንድን ነው? እንዴትስ ነው የሚሠራው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ሰውዬው የአክሲዮን ደላላ ነው። (ደላላ ስል የእኛው የታይዋን ገበያዎቹ አይምጡባችሁ፤ ይሄኛው ከረባት ያስራል።) ከዚያ ዲን ዊተር የሚባል ድርጅት የሚሰጠው ሥልጠና ውስጥ ለመግባት ደጅ ይጠናል። 20 ሠልጣኝ፣ ስድስት ወር፣ ደመወዝ የለም፣ መጨረሻ ላይ የሚቀጠረው አንድ ሰው ነው። በመሐል ቤቱን ያጣል። ከትንሽ ልጁ ጋር መጠለያ ይሰለፋል። አንድ ሌሊት ደግሞ ባቡር ጣቢያ መጸዳጃ ቤት ውስጥ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፎ፣ ልጁን እግሩ ላይ አስተኝቶ ያድራል።

ሥራ ላይ ከአንዱ ጥሪ ወደ ሌላው ሲያልፍ የስልኩን እጀታ መልሶ አይሰቅልም፤ በዚህ በቀን ስምንት ደቂቃ እንደሚያተርፍ አስልቷል። ሽንት ቤት ላለመመላለስም ውሃ አይጠጣም።

አነቃቂ ተናጋሪዎቻችን የሚወዷት ቦታ ይህቺ ናት። ውሃ አትጠጡ ይሉናል። ድሬ ላይ! በግንቦት!

አሁን ወደ ነፃው ሥራ ልመለስ። በኋላ ስለ ሰውዬው ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁና ቁጭ ብዬ ሳቅኩ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነው። ደመወዝ አልባው ስድስት ወር የፊልሙ ፈጠራ ነው። እውነተኛው ክሪስ ጋርድነር በሥልጠናው ወቅት በወር 1,000 ዶላር ይከፈለው ነበር። እሷም አልበቃችውም፤ ከልጁ ጋር አንድ ዓመት ያህል ቤት አልባ ሆኖ ከርሟል። እስቲ አስቡት። ያ ሰው እየተከፈለው ጎዳና ወጣ። እኛ ሳይከፈለን በየት በኩል ነው ባለ ፌራሪ የምንሆነው?

የእኔ መልስ አጭር ነው፦ አባቴ። ሦስቱንም ወር የባጃጅ የሰጠኝ፣ ምሳ የቋጠረልኝ የእሱ ጡረታ ነው። ማለትም ያንን ድርጅት ለሦስት ወር የደጎመው አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። አባት የሌለው ልጅስ? ከ11 አንዱ በሁለተኛው ሳምንት ቀረ። ኃላፊው «ጽናት የለውም» አሉ። ልጁ ግን ሳቢያን ሰፈር ድረስ በእግሩ ነበር የሚመላለሰው፤ ጫማው አልቆበት ነው የቀረው።

ሕጉም ቢሆን የሚለው ሌላ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን አለበት ይላል። ከ60 የሥራ ቀን መብለጥም አይችልም። ደግሞ ለሙከራ የተቀጠረ ሠራተኛ ሙከራውን ከጨረሰው ጋር እኩል መብትና ግዴታ አለው። እኩል መብት ማለት ደመወዝም ጭምር ነው። ሙከራ ብላችሁ ሰው ካሠራችሁ ትከፍላላችሁ። ስሙን ቀይራችሁ «ልምምድ» ብትሉትም የሥራ ልምምድ ውልም በአዋጁ ቦታ አለው፤ በጽሑፍ የሚደረግ ነው፣ ለማጁ የሚያገኘው ክፍያም በውሉ ላይ ይሰፍራል። እኔ ያን ጊዜ ይሄን አላውቅም ነበር። ኃላፊው ግን ያውቁ ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ ከወንበራቸው ጀርባ መደርደሪያው ላይ የነጋሪት ጋዜጣ ጥራዝ ነበረ።

አባቴን ጠየቅኩት። እሱ ባቡሩ ጋራዥ የገባው ጢሙ ሳያበቅል ነው። ቁልፍ አቀባይ ሆኖ ጀመረ፣ ቀስ እያለ ሞተር ፈቺ ሆነ። «እየተማርክ ይከፈልህ ነበር?» አልኩት። ጥያቄው ራሱ አልገባውም። «እና ካልተከፈለኝ ለምን እሄዳለሁ?» አለኝ።

ይህቺ ከተማ እኮ የተወለደችው በቅጥር ነው። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጅቡቲ እዚህ ሲደርስ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልተቻለ ነው ባዶ አሸዋ ላይ ጣቢያ የተሠራው። ሰው ከየአቅጣጫው መጣ። ኦሮሞው፣ ሱማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ዓረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ። ያኔ ማስታወቂያ ወጥቶ «በባቡር ሥራ 5 ዓመት ልምድ ያለው» ቢባል ኖሮ ማን ይቀርብ ነበር? በአገሩ ባቡር አልነበረም! ልምዱን የሰጣቸው ሥራው ራሱ ነው። አሁን ደግሞ ድሬ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነፃ ንግድ ቀጠና አላት፣ የአገሪቱ የመጀመሪያው። በዚህ ሰሞን «በነፃ ንግድ ቀጠና ሥራ የ5 ዓመት ልምድ» የሚል ማስታወቂያ ባይ አልደነቅም።

ስለ ማስታወቂያ ካነሳን አይቀር፣ «ደመወዝ፦ በስምምነት» የምትሏትን ነገር ተዉአት። እኔ ስድስት ቦታ ተፈትኛለሁ፤ አንድም ቦታ የተስማማሁበት ደመወዝ የለም። ተነግሮኝ ነው የማውቀው። «ኦሪጅናልና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ» የምትሉትስ? የማይመለሰውን የት ነው የምታደርጉት? በአንድ ዓመት ለኮፒ ቤት የከፈልኩት ተደምሮ ጥሩ ጫማ ይገዛ ነበር። «መልከ መልካም የሆነች» ስለምትሉት ደግሞ ምንም አልልም፤ እናንተም ስታነቡት ታፍራላችሁ።

ግን ይሄ ሁሉ ዳር ዳሩ ነው። ፊልሙን ሁለተኛ ጊዜ ብቻዬን ሳየው ዓይኔ ዊል ስሚዝ ላይ አልቆየም። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጡት ላይ ነው የሄደው።

ያቺን የቃለ መጠይቅ ትዕይንት አስታውሷት። ሰውዬው ባለፈው ቀን የቤቱን ግድግዳ ቀለም እየቀባ ሳለ ፖሊስ መጥቶ ወስዶታል፣ ባልከፈለው የመኪና ማቆሚያ ቅጣት። ሌሊቱን ጣቢያ አድሮ በጠዋት ሲለቀቅ ወደ ቤት መሄጃ ጊዜ የለውም። ቀለም እንደተረጨበት፣ ያለ ሸሚዝ፣ በካናቴራና በጃኬት ሮጦ ይደርሳል። ከረባት ያሰሩት ሰዎች ፊት ይቀመጣል። ውጭ ቁጭ ብሎ አንድ የሚያምር ሰበብ ሊፈጥር ሞክሮ እንዳቃተው ይነግራቸውና እውነቱን ያወራል። ሳቁ። ከዚያ አለቃው አንድ ጥያቄ ይጠይቀዋል፦ ሸሚዝ ሳይለብስ የመጣን ሰው ብቀጥር ምን ትላለህ? እሱም ሱሪው በጣም የሚያምር መሆን አለበት ይላል። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ወሰዱት።

ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ መልሱ ነው። መልሱ አሪፍ ነው፣ አልክድም። ግን ያ መልስ የመጣው አለቃው ስለጠየቀ ነው። በር ላይ ጥበቃው «እንዲህ ሆነህማ አትገባም» ቢለው ኖሮ ፊልሙ እዚያው ያልቃል። ገብቶም የመጀመሪያው ሰው ፎርሙ ላይ «አለባበስ፦ 0» ብሎ ቢጽፍ ያልቃል። አለቃው ብዕሩን አስቀምጦ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። በቃ።

እዚህ ላይ የራሴን ኃጢአት ልናገር፤ ካልተናገርኩ ደብዳቤው እናንተን ብቻ መውቀስ ይሆናል።

እኔ አሁን አንድ የጅምላ መደብር ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ዓመት ባለቤቱ «ስቶር ኪፐር አንቺው ምረጪ» አለኝ። ማስታወቂያ ለጠፍን። ፖስታው ጠረጴዛዬን ሞላው። እውነቴን ነው፣ በሁለተኛው ቀን እኔም እንደ እናንተ ሆንኩ። የእጅ ጽሑፉ የሚያስጠላ፣ ወደ ጎን። ፖስታው የተጨማደደ፣ ወደ ጎን። ሰው ሲበዛ ሰው ሰው አይመስልም።

ስምንት ልጆች ለቃለ መጠይቅ ጠራሁ። የዚያን ዕለት ሌሊት ዝናብ ነበር። ደቻቱን፣ ወንዛችንን፣ ታውቁታላችሁ፤ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ ይከርምና አንድ ሌሊት ደጋው ላይ ሲዘንብ ጎርፍ ይዞ ይመጣል። ስምንተኛው ልጅ 40 ደቂቃ አርፍዶ ገባ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። «ይቅርታ» አለና ቆመ። እኔ ሰዓቴን አየሁ። ሁለት ሦስት ጥያቄ ጠየቅኩት፣ ለስሙ ያህል። ስለ ጭቃው አልጠየቅኩትም። ወረቀቱ ላይ «ሰዓት አያከብርም» ብዬ ጻፍኩ። ፊልሙን ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነው! ሸሚዝ የሌለው ሰውዬ እፊቴ ቆሞ አላወቅኩትም።

ነገሩን የሰማሁት ከሳምንት በኋላ ነው፣ መደብራችን ከሚመጣ ተሸካሚ። የልጁ እናት አሸዋ ገበያ አትክልት ይሸጣሉ። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ የእናቱንም የጎረቤቶቹንም ዕቃ ከጎርፍ ሲያወጣ አድሮ ነው ወደ እኔ የመጣው። ስቶር ኪፐር እኮ ነው የምፈልገው! ዕቃ የሚጠብቅ ሰው!

ደወልኩለት። ከጀርባው የሞተር ድምፅ ይሰማል። «ችግር የለም አቦ፣ ባጃጅ ይዣለሁ» አለኝ፣ ቅሬታ በሌለው ድምፅ። አንዳንዴ ከዚራ ላይ ዛፎቹ ጥላ ሥር ሰው ሲጠብቅ አየዋለሁ። እሱ እኔን አያስታውሰኝም። በእሱ ፈንታ የቀጠርኩት ልጅ ደህና ልጅ ነው፣ ሥራውን ይሠራል፤ እሱ ላይ ምንም የምለው የለኝም። የሚቆጨኝ «ምን ሆነህ ነው?» የምትል ሦስት ቃል ከአፌ አለመውጣቷ ነው።

ስለዚህ ፊልሙን እዩት ስላችሁ ከላይ ሆኜ አይደለም።

ሌላም አለ። የፊልሙን ርዕስ በእንግሊዝኛ የጻፉት አሳስተው ነው፣ ሆን ብለው። ልጁ የሚውልበት ሕፃናት ማቆያ ግድግዳ ላይ «ደስታ» የሚለው ቃል አንድ ፊደሉ ተሳስቶ ተጽፎ ነበር፤ አባትየው ያያትና ያርማታል፣ ፊልም ሠሪዎቹ ግን ስህተቷን ርዕስ አደረጓት። ይሄን ያመጣሁት እናንተ በእንግሊዝኛ ሲቪ ላይ አንዲት ፊደል ስትሳሳት ሰው ስለምትጥሉ ነው። ሥራውን እኮ እናውቀዋለን። ታይዋን ውስጥ ወይም መጋላ ሱቅ የሚቆም ልጅ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያወራው አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሱማልኛ ነው። በሦስቱም ዋጋ ተከራክሮ፣ ቀልዶ፣ አስታርቆ ይመልሳል። ይሄን የሚችል ልጅ እናንተ ፊት ሲቀርብ «ስለ ራስህ በእንግሊዝኛ ንገረን» ትሉታላችሁ። ላብ ያጠምቀዋል። ትጥሉታላችሁ። ማግስቱን ሱማልኛ የሚችል ሠራተኛ ጠፋ ትላላችሁ።

ክሪስ ጋርድነር የኮሌጅ ዲግሪ አልነበረውም። ባሕር ኃይል ውስጥ አገልግሏል፤ ፊልሙ ላይ ስለ ትምህርቱ ሲጠየቅ የሚያነሳው እዚያ የተማረውን የራዳር ትምህርት ነው። ቀጣሪዎቹ ያንን «አግባብነት የሌለው ልምድ» አላሉትም። ደግሞ ከቀጣሪዎቹ አንዱ ቀደም ብሎ ታክሲ ውስጥ አብሮት ሄዶ ሩቢክ ኪዩብ የምትባለዋን ባለ ቀለም መጫወቻ ሲፈታ አይቶታል። (ይቺም የፊልም ፈጠራ ናት። በእውነተኛው ታሪክ ደግሞ ሌላ ድርጅት ቀጥሮት፣ ነባር ሥራውን ለቅቆ ሊጀምር ሲሄድ፣ የቀጠረው ሰውዬ ራሱ ተባርሮ ጠበቀው። ይሄ ከመጫወቻዋ ይልቅ እኛን ይመስላል።) ለማለት የፈለግኩት፣ ሰውዬውን ከወረቀቱ ውጭ ያየው ሰው ነበር።

እንዲያው ስትጨርሱም ንገሩን። በፊልሙ የመጨረሻ ቀን አለቆቹ ጠርተው ያስቀምጡታል። አለቃው ሸሚዙን ያደንቅለታል። እሱም የመጨረሻ ቀኔ ስለሆነ ነው የለበስኩት ይላል። አለቃው ነገም ልበስ፣ ነገ የመጀመሪያ ቀንህ ነው ይለዋል። ዊል ስሚዝ ዓይኑ ውሃ ሞላ፣ እኔም እንደዚያው። ፊት ለፊት ነው የነገሩት። የቀሩት 19 ምን እንደተባሉ ፊልሙ አያሳይም። እኔ ግን ከ19ኙ ወገን ስለሆንኩ እሱን ማየት እፈልግ ነበር። «አልተሳካም» ማለት አንድ የስልክ መልእክት ነው። አንድ መልእክት ስንት ነው? ሰው ከትራሱ ሥር ስልክ አድርጎ ከሚያድር።

ከዚያ ሁሉ በኋላ አለቃው ኪሱ ይገባል። ለካ በመሐል አንድ ቀን መንገድ ላይ ቦርሳዬን ረስቻለሁ ብሎ ከሠልጣኙ ለታክሲ አምስት ዶላር ተበድሮ ነበር። በክሪስ ኪስ ውስጥ የነበረችው በጣት የምትቆጠር ገንዘብ ነበረች። ለአለቃው አምስት ዶላር ምንም ናት፣ ለክሪስ ግን ብዙ ናት። ሰጠው፤ ምን ያድርግ? አለቃው ግን አልረሳም። በቅጥሩ ቀን አምስት ዶላሯን ከኪሱ አውጥቶ መለሰለት።

እኔ ይህቺን ትዕይንት ሳያት የማለቅሰው በሌላ ምክንያት ነው። በሁለተኛው ወር ላይ የእኛ ኃላፊ ባጃጅ አስቁመው «ዝርዝር ይዘሻል?» አሉኝ። መመለሻዬን 50 ብር ሰጠኋቸው። በእግሬ ሳቢያን ገባሁ። አባቴ እግሬን ለብ ባለ ውሃ ሳጥበው እያየኝ ምንም አላለም። ነገ ይሰጡኛል አልኩ። በነጋታው ሰላም አሉኝ። በሦስተኛው ቀንም ሰላም አሉኝ።

ከሰላምታ ጋር፣
ከ11ዱ አንዷ፣ ሳቢያን

ግልባጭ፦
ለዚያ ድርጅት ፋይናንስ ክፍል፣ ስለ 50 ብሯ